የጌም ቡድን መምራት የሚጀመረው ከመመረቂያ ፕሮጀክት ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብሁት። ደብረ ማርቆስ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ መሆንሽን፣ የቪዲዮ ጌም መሥራት ብቻ ሳይሆን የሚሠሩትን መምራት እንደምትፈልጊ፣ በከተማችሁ ጌም ቤቶች ደጃፍ ግን ሴት እንደማትታይ፣ አባትሽም «ጌም የሥራ ፈት ነው» እንዳሉሽ ጽፈሻል። ከጎጃም ተነስቶ ይቻላል ወይ ነው ያልሽው። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ለልጆች የፊደልና የቁጥር መማሪያ ጌም የሚሠራ አነስተኛ ቡድን እመራለሁ። ይቻላል፤ መንገዱ ግን ብዙ ሰው በሚያስበው በኩል አይደለም።

ብዙዎች ቡድን የሚመራው ከሁሉ የበለጠ ኮድ የሚጽፈው ይመስላቸዋል። በጌም ሥራ ውስጥ ወደ መሪነት የሚያደርሰው አንዱ ትልቅ በር ፕሮዲውሰርነት ነው። ፕሮዲውሰር የሠዓሊው፣ የፕሮግራመሩና የድምፅ ባለሙያው ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲገጣጠም ያደርጋል፤ ገንዘብና ጊዜ ሲያጥር ምን እንደሚቀር ይወስናል። ደቦ የጠራ ገበሬ ማን ከየትኛው ጫፍ እንደሚገባ ሳያስብ ጠላ ጠምቆ ብቻ ቢጠብቅ ጤፉን ዝናብ ይቀድመዋል፤ ይህም እንደዚያ ነው።

የታወቀችውን የጌም ፕሮዲውሰር የጄድ ሬይመንድን መንገድ ተመልከቺ። ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ እ.ኤ.አ. በ1998 ተመረቀች። በፕሮግራመርነት ጀምራ ወደ ፕሮዲውሰርነት ተሻገረች፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አሳሲንስ ክሪድ የተባለው ዝነኛ ጌም የመጀመሪያ ክፍል ፕሮዲውሰርም እሷ ነበረች። ከዚያ ጌሙን ያወጣው የዩቢሶፍት ድርጅት የቶሮንቶ ስቱዲዮን (ጌም የሚሠራበትን ክፍል) አቋቁማ መራች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤሌክትሮኒክ አርትስ በተባለው የጌም ድርጅት ሥር ሞቲቭ የተባለውን ስቱዲዮ መሠረተች፤ በ2019 ደግሞ ጎግል ስታዲያ ለተባለው ጌም በኢንተርኔት የሚያጫውት አገልግሎቱ ጌም የሚሠሩ ስቱዲዮዎቹን እንድትመራ ወሰዳት። ጎግል እነዚያን ስቱዲዮዎች በ2021 ሲዘጋ እሷ በዚያው ዓመት ሄቨን የተባለውን ስቱዲዮ መሠረተች፤ አብረዋት ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ተከትለዋት ሄዱ፤ በቀጣዩ ዓመት ሶኒ ስቱዲዮውን ገዛው። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ ሰዎቹ መከተላቸው ነው። ድርጅት በአንድ ደብዳቤ ይዘጋል፤ በሥራሽ ያመኑ ባልደረቦች ግን አብረውሽ ይቆያሉ።

ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጌማችንን ለልጆች ልናስሞክር ዳንግላ አካባቢ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄድን። የያዝነው ስልክ ጠባብ ስክሪን ያለው ርካሽ ስልክ ነበር፤ በየቤቱ ያለው እንዲህ ያለው ስለሆነ ሆን ብለን ነው የምንመርጠው። አንዲት ልጅ «ጨ»ን በጣቷ ተከትላ እንድትጽፍ ተሰጣት። ጣቷ የፊደሉን እግሮች ሸፈናቸው። ጣቷን ታነሣለች፣ ታያለች፣ ትመልሳለች፤ ጌሙ ደግሞ ጣት በተነሣ ቁጥር ከመጀመሪያው ያስጀምራታል። አልተናደደችም፤ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ መልሳ ሰጠችኝ።

በዚያ ሳምንት ፕሮግራመሮቻችን አዲስ ደረጃ ሊጨምሩ ነበር፤ ሠዓሊያችንም ጢስ ዓባይን ሥሎ ጨርሷል፣ ሥዕሉም እጅግ ያምር ነበር። አዲሱ ደረጃ ይቆይ፤ የፊደሉ አርአያ ከጣት በላይ ከፍ ብሎ ይታይ፤ ጣት ቢነሣም ልጁ ካቆመበት ይቀጥል ብዬ ወሰንሁ። ተኮራርፈን ሰነበትን። ሠዓሊውን ግን በሌላ ሰው አላስነገርሁበትም፤ ቁጭ ብለን ልጅቷ ያደረገችውን በራሱ ጣት እንዲሞክረው አደረግሁ።

ሴት በመሆንሽ የሚገጥምሽንም አልደብቅሽም። ሥራ ሊሰጡን የመጡ ሰዎች ጥያቄውን አጠገቤ ወደተቀመጠው ወጣት ሲያዞሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እሱ «እሷን ጠይቋት» ሲል ነው ፊታቸውን የሚመልሱት። ባልደረቦችሽ ይህን እንዲሉ አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ስለ ደመወዝሽና ስለ ሥልጣንሽ ደግሞ በጽሑፍ ያልሰፈረ ነገር አትቀበዪ። ጄን ኦኒል እ.ኤ.አ. በ2021 ብሊዛርድ የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ ጌም ድርጅት ከአንድ ወንድ ጋር በጋራ እንድትመራ ተሾመች፤ በድርጅቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት መሪ ናት። በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀቀች፤ ከተባባሪዋ ጋር እኩል ክፍያ የቀረበላት መልቀቂያ ካስገባች በኋላ መሆኑንም ለሠራተኞቹ ገልጻለች። በዚያ ደረጃ ያለች ሴት ላይ ይህ ከደረሰ፣ እኔና አንቺማ ውላችንን መስመር በመስመር ማንበብ ይገባናል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ቡድን ሲከፋፈል ለሴቷ ሰነድ መጻፍ፣ ለወንዶቹ ኮድ መስጠት የተለመደ ነው። በዚህ በጣም እበሳጫለሁ፤ «ጽሑፍሽ ያምራል» እየተባለ ስንት ጎበዝ ልጅ ከሥራው ወጥታለች! አንቺ ግን ገና ርዕስ ሳይጸድቅ የሥራ ክፍፍሉንና የጊዜ ሰሌዳውን አዘጋጅተሽ ግቢ። ሰሌዳውን የያዘ ሰው ስብሰባውን ይመራል። ኮዱንም አትተዪው፤ አንድ ክፍል የራስሽ ይሁን፤ ፕሮግራመሩ «አይቻልም» ሲልሽ እውነቱን መሆኑን የምታውቂው በዚያ ነው።

ለመሣሪያ ጎዶት የተባለውን የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር እመክርሻለሁ። በነፃ ነው፤ ሲወርድ ከ200 ሜጋባይት በታች ነው፤ ደካማ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ ያለ ኢንተርኔትም አይቆምም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የዚህን ጥቅም በደንብ አውቀነዋል፤ የመማሪያ ሰነዱን ሳይቀር አውርደሽ አስቀምጪ። ጌምሽንም ትንሽ አድርጊው። ያለቀ ገበጣ ካላለቀ የጦርነት ጌም ይልቅ ቀጣሪ ፊት ያቆምሻል።

አባትሽ ላይ አትፍረጂ፤ ጌም ሲባል የሚታያቸው ከትምህርት ቀርቶ ፕሌይስቴሽን ላይ ኳስ የሚጫወት ልጅ ነው። የሠራሽውን በስልካቸው ጫኚላቸው፤ ታናናሾችሽ ሲጫወቱበት እሳቸው ይዩ። ክርክሩን ከዚያ በኋላ አድርጊው። የፕሮጀክታችሁ ርዕስ ሲታሰብ ደግሞ ሰሌዳሽን እዚህ ለጥፊው፤ የትኛው ሥራ ከሚገመተው በላይ ጊዜ እንደሚወስድ አብረን እናየዋለን።