የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የሌለው የጎል ንጉሥ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ የስፖርት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ከገና ጨዋታችን ጋር የሚቀራረበውን የበረዶ ላይ ሆኪ በስልካቸው እያዩ ይከራከራሉ። በሰሜን አሜሪካው ሊግ ታሪክ ብዙ ጎል ያስቆጠረው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኦቬችኪን አንድም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የለውም ሲሉኝ ለማመን ተቸገርኩ። እውነት ከሆነ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎችዎ የነገሩዎት እውነት ነው። ኦቬችኪን ኤፕሪል 6 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. 895ኛ ጎሉን አስቆጥሮ ካናዳዊው ዌይን ግሬትዝኪ በ1999 ጫማውን ሲሰቅል ትቶት የሄደውን የ894 ጎል ክብረ ወሰን ሰብሯል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሀገሩ ጋር በ2008፣ በ2012 እና በ2014 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በኦሎምፒክ ግን ሦስት ጊዜ ተሰልፎ ሦስቱንም ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሷል። በ2006 ቱሪን ላይ ሩሲያ አራተኛ ወጣች፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይ በሩብ ፍጻሜው በካናዳ 7 ለ 3 ተሸነፈች፤ በ2014 ደግሞ በገዛ ሀገሯ፣ በሶቺ፣ ፊንላንድ 3 ለ 1 አሸንፋ ከሩብ ፍጻሜው አሰናበተቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከተጫዋቹ ችሎታ ጋር የሚያያዝ አይደለም። በእኛ ሀገር አንድ ሯጭ ደመወዙን የሚያገኘው ከመቻል ወይም ከንግድ ባንክ ቢሆንም ስሙ የሚገነው የብሔራዊ ቡድኑን መለያ ለብሶ ባሸነፈበት ቀን ነው። በበረዶ ሆኪ የተጫዋቹ እንጀራም ዝናውም በአብዛኛው የሚገኘው ከክለቡ ነው፤ ለሀገሩ የሚሰለፈውም የክለቡ የጨዋታ መርሐ ግብር ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ኤን ኤች ኤል የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ሊግ 32 ክለቦች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ክለብ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል 82 ጨዋታዎችን ሲያደርግ ቆይቷል። ቀጥሎ 16 ክለቦች አራት ዙር ባለው ጥሎ ማለፍ ይፋለማሉ፤ በየዙሩ አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ስለሚያልፍ የሊጉ ሻምፒዮን የሚሸለመውን የስታንሊን ዋንጫ የሚያነሳው ክለብ 16 ጊዜ ማሸነፍ አለበት፤ ይህም እስከ ጁን ይዘልቃል። ኦሎምፒኩ በፌብሩዋሪ፣ የዓለም ሻምፒዮናው በሜይ የሚካሄዱ በመሆናቸው ሁለቱም የሚውሉት በዚህ የክለብ ውድድር መካከል ነው።

ሊጉ ከ1998 እስከ 2014 ለተካሄዱት አምስት ኦሎምፒኮች ውድድሩን እያቋረጠ ተጫዋቾቹን ለቀቀ። በ2018 ግን እምቢ አለ፤ የኢንሹራንስና የጉዞ ወጪውን ማን ይሸፍን በሚለው ባለመስማማታቸውና የክለብ ባለቤቶች ጉዳትን በመፍራታቸው ነበር። የኒውዮርክ አይላንደርሱ ጆን ታቫሬስ በሶቺ ጉልበቱን ተጎድቶ የቀረውን የክለብ ውድድር ዘመን ሳይጫወት ስለቀረ ፍርሃታቸው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ጨዋታውን በቅርብ ላየው ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ ተጫዋቹ በአንድ ጊዜ በረዶው ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ሮጦና ተጋጭቶ፣ ጨዋታው ሳይቆም የሜዳውን አጥር ተሻግሮ ይወጣል፤ ተተኪው ወዲያው ይገባል፤ እርሱም ትንፋሹ ሲመለስለት ደግሞ ይገባል። ይህ በአንድ ምሽት ብዙ ጊዜ፣ በዓመት ለሰማንያ ምሽቶች ይደጋገማል።

እንግዲህ በ2018 የሩሲያ ተጫዋቾች በኦሎምፒክ ባንዲራ ሥር ተሰልፈው ወርቅ ሲያጠልቁ ኦቬችኪን ዋሽንግተን ውስጥ የክለብ ጨዋታውን ይጫወት ነበር። ከሊጉ ወጥተው ወደ ሀገራቸው ክለብ ተመልሰው የነበሩት ፓቬል ዳትሱክና ኢሊያ ኮቫልቹክ ግን ወርቁን አገኙ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ኦቬችኪን ከዋሽንግተን ካፒታልስ ጋር የስታንሊን ዋንጫ አነሳ። በ2022 ሊጉ በኮቪድ ምክንያት ተጫዋቾቹን ሳይለቅ ቀረ፤ በ2026 ሲመለስ ደግሞ ሩሲያ በዩክሬኑ ጦርነት ሳቢያ ታግዳ ነበር።

ስለዚህ ተማሪዎችዎ ሜዳሊያ ሲቆጥሩ ዓመቱን አብረው እንዲያዩ ቢያደርጓቸው መልካም ነው። ካናዳዊው ሲድኒ ክሮዝቢ በ2015 ፕራግ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ክለቡ ፒትስበርግ በመጀመሪያው ዙር በመሸነፉ ነፃ ስለወጣ ነው። በዚህም ከስታንሊ ዋንጫውና ከሁለት የኦሎምፒክ ወርቆቹ ጋር ሦስቱን ታላላቅ ድሎች አሟላ፤ ሦስቱንም ቡድኖች በአምበልነት መርቶ ያሸነፈ ብቸኛው ተጫዋችም እርሱ ነው። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ ከባዱ የስታንሊ ዋንጫ ነው፤ ኦሎምፒክ በሁለት ሳምንት ያልቃል፣ ዋንጫው ግን ከረጅሙ የሊግ ውድድር በኋላ ሁለት ወር ያስታግላል።

ጥያቄ፦ በመሐል ሜዳ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በመንዝ ብርድ የተነሳ ጠዋት ጠዋት ውሃ ረግቶ እናገኛለን። አፍሪካዊ በዚህ ጨዋታ ትልቅ ደረጃ ሊደርስ ይችላልን?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጃሮም ኢጊንላን ታሪክ ፈልገህ ብታይ ደስ ይለኛል። አባቱ ከናይጄሪያ ወደ ካናዳ የሄዱ ሲሆን እርሱ በ2002 የኦሎምፒክ ፍጻሜ ሁለት ጎል አስቆጥሮ ለካናዳ ወርቅ አስገኝቷል፤ በ2010 ፍጻሜም ክሮዝቢ ላስቆጠረው የማሸነፊያ ጎል ያቀበለው እርሱ ነበር። በሊጉ 625 ጎል አግብቶ የስታንሊን ዋንጫ ግን ሳያነሳ ጫማውን ሰቀለ፤ በ2004 ከክለቡ ከካልጋሪ ጋር እስከ ሰባተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ደርሶ ነበር።

የመንዝ ውርጭ ግን ፀሐይ ሲወጣ ስለሚቀልጥ ለመጫወቻነት አይበቃም። ሜዳው 60 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን በረዶው የሚረጋው ከሥሩ በተዘረጉ የማቀዝቀዣ ቱቦዎች ነው፤ ስለዚህ ወሳኙ መሣሪያውና ኤሌክትሪኩ እንጂ የአየሩ ብርድ አይደለም። ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ሆቴል በተሠራ አነስተኛ ሜዳ የሠለጠኑ ኬንያውያን በ2018 ካናዳ ሄደው ከክሮዝቢ ጋር ተጫውተዋል፤ ሀገራቸውም በ2024 የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አባል ሆናለች።