የአባትሽ ኢሜይል በማን ስልክ ቁጥር ነው የተከፈተው?

እህቴ፣ አብሽሪ። የተሰረቀ ኢሜይል ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። አባትሽ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «ኢሜይልዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል» የሚል መልእክት መጣላቸው፣ ሊንኩን ነክተው ፓስወርዳቸውን አስገቡ። በማግስቱ የድሮ ተማሪዎቻቸው ከኮምቦልቻም ከአዲስ አበባም እየደወሉ «ጋሼ፣ ቸግሮኛል ብር ላኩልኝ ያሉን እርስዎ ነዎት?» አሏቸው። አንቺም አሁን ምን ላድርግ፣ ለወደፊቱስ እንዴት ልጠብቃቸው ብለሻል።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ጽሑፍ እንተይባለን፣ ፎርም እንሞላለን፣ ኢሜይል እንከፍታለን። የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ አባትሽን አትቆጫቸው። መልእክቱ ሆን ተብሎ ለማስደንገጥ የተጻፈ ነው። 24 ሰዓት የሚለው ቁጥር የገባው ሰው ቆም ብሎ እንዳያስብ ነው። እኛ ቤት የኮሌጅ ተማሪም፣ የሒሳብ ሠራተኛም በዚሁ ተታለው መጥተዋል። ከተቆጣሻቸው ደግሞ ሌላ ቀን ሲያጋጥማቸው ይደብቁሻል። ጉዳቱ የሚብሰው ያኔ ነው።

አሁን ላፕቶፑን ክፈቺና የጂሜይልን አድራሻ በእጅሽ ጻፊ። የመጣውን ሊንክ እንዳትነኪው። ፓስወርዱ አሁንም የሚሠራ ከሆነ ሌላ ነገር ሳታዪ ቀይሪው። ከዚያ ጉግል አካውንታቸው ውስጥ «ሴኪዩሪቲ» የሚለውን ክፈቺ። ኢሜይሉ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች እዚያ ተዘርዝረው ታገኛለሽ። የማታውቁት ካለ አስወጪው። ማስመለሻ ተብሎ የተመዘገበውን ስልክና ኢሜይልም እይ። ሌባው የራሱን አስገብቶ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አንቺ አታቁሚ። አንድ ደንበኛችን ፓስወርዱን ሦስት ጊዜ ቀየረ፣ ሌባው ግን ደብዳቤውን ማንበቡን አልተወም። በኋላ ስናይ የጂሜይሉ ሴቲንግ ውስጥ የሚመጣው ሁሉ ቅጂው ወደ ሌላ አድራሻ እንዲሄድ ታዟል። ፓስወርድ ቢቀየርም ይኼ ትእዛዝ አይጠፋም። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ «ፎርዋርዲንግ» እና «ፊልተርስ» የሚሉትን እይ። በስልኩ መተግበሪያ አታገኚያቸውም፣ በኮምፒውተር ነው የሚታዩት። ፊልተሩ ደግሞ ሌላ ተንኮል ይሠራበታል። ወዳጅ «ይኼ በእርግጥ አንተ ነህ?» ብሎ ሲመልስ መልሱ በቀጥታ ወደ ትራሽ እንዲገባ ይደረጋል። አባትሽ ምንም ሳያዩ ነገሩ ይቀጥላል።

ፓስወርዱ አልሠራ ካለ ወደ ጉግል የማስመለሻ ገጽ ሂጂ። ሙከራውን ሁልጊዜ በሚጠቀሙበት ላፕቶፕና በቤታችሁ ዋይፋይ አድርጊው። የሚታወቅ መሣሪያና የሚታወቅ ቦታ ጉግል እንዲያምናችሁ ይረዳል። ሌባው ማስመለሻ ስልኩን ቀይሮት ቢሆን እንኳ ጉግል ለ7 ቀን ያህል ወደ ቀድሞው ቁጥር ኮድ ሊልክ ይችላል። ነገ ዛሬ አትበይ የምልሽ ለዚህ ነው።

ለወዳጆቻቸው ደግሞ በስልክ ንገሯቸው። በኢሜይል አይሆንም፣ ሌባው አሁንም ሊያነበው ይችላል። ያንኑ ፓስወርድ ቴሌግራም ላይም ፌስቡክ ላይም ተጠቅመውበት ከነበረ እዚያም ይቀየር።

አሁን ከልቤ ወደማዝንበት ነገር ልምጣ። አባትሽ ኢሜይሉን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው ወይስ ሰው ከፈተላቸው? የተከፈተውስ በማን ስልክ ቁጥር ነው? እኛ ቤት ለዓመታት ስንሠራ የነበረው እንዲህ ነው። ደንበኛው ፎርም ሊሞላ ይመጣል። ኢሜይል የለውም። ኮድ የሚቀበል ስልክ አልያዘም። የኔን ቁጥር አስገባለሁ። ፓስወርዱን ስሙንና 1234 አድርጌ በወረቀት ሰጥቼው ይሄዳል። ወደ አረብ አገር ለሚሄዱ ልጆች እንዲህ እያደረግሁ የከፈትኩት ብዙ ነው። ልርዳቸው ብዬ ነበር። ግን ኢሜይሉ በእኔ ቁጥር እስከተያዘ ድረስ ባለቤቱ የከፈትኩላት ልጅ ሳትሆን እኔ ነኝ። እኔ ሲሜን ብቀይር ወይም ቁጥሩ ለሌላ ሰው ቢሰጥ የኢሜይሏ በር ቁልፍ አብሮ ይሄዳል።

ይኼ ጎልቶ የታየኝ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲመለስ ነው። ሰው ተሰልፎ መጣ። ፓስወርዱ ተረስቷል፣ ሲሙ ጠፍቷል፣ የከፈተለት ልጅ ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። ብዙውን ማዳን አልቻልንም። የትምህርት ማስረጃ፣ የሞተ ወንድም ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ቀረ። በዚያ ላይ ጉግል 2 ዓመት ሙሉ ያልተነካ የግል አካውንትን ሊሰርዝ ይችላል። ስለዚህ እምብዛም የማይጠቀሙበት ሌላ ኢሜይል ካላቸው አልፎ አልፎ ክፈቱት።

ኢሜይሉ እንደተመለሰ የአባትሽን የራሳቸውን ቁጥርና የአንቺን ኢሜይል ማስመለሻ አድርጊ። «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውንም አብሪ። ከዚያ በኋላ ሌባ ፓስወርዱን ቢያውቅ እንኳ ከስልካቸው የሚመጣው ማረጋገጫ ይቀረዋል። ጉግል 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፣ እያንዳንዱ ባለ 8 አኃዝ ነው። በወረቀት ጽፈሽ ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጪው። ስልክ ቢጠፋ የምትገቢው በእሱ ነው። ደውሎ «የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ» የሚላቸው ሰው ካለ፣ ማንም ነኝ ቢል፣ ስልኩን ይዝጉት።

ለወደፊቱ አድራሻ ማንበብን አስተምሪያቸው። እኔ ለሽማግሌዎች የማስረዳው በስማችን ነው። ልጅ ራሱን የፈለገውን ስም ሊያወጣ ይችላል፣ ማንነቱ የሚታወቀው በአባቱ ስም ነው። አድራሻም እንደዚያ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጭረቶች (//) በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያውን ነጠላ ጭረት (/) ፈልጉ። ከእሱ በፊት በመጨረሻ ያለው፣ «ነጥብ ኮም» ወይም ሌላ፣ እና ከፊቱ ያለው ቃል፣ እሱ ነው አባቱ። መጀመሪያ ላይ «ጉግል» ተጽፎ መጨረሻው የማይታወቅ ስም ከሆነ የጉግል ልጅ አይደለም። በኮምፒውተር ሊንኩ ላይ ሳትጫኑ ማውሱን ብታሳርፉ እውነተኛው አድራሻ ከታች በግራ ጥግ ይወጣል። በስልክ ጫን አድርጎ መያዝ ነው። ከአድራሻው ጎን የምትታየውን የቁልፍ ምልክት አትመኑ። እሷ የምትለው መስመሩ የተመሰጠረ ነው (ሌላ ሰው መሃል ገብቶ አያነበውም) እንጂ ባለቤቱ ታማኝ ነው አይደለም። ክሮምም በ2023 እ.ኤ.አ. ያችን ምልክት በሌላ የተካት ሰው እየተሳሳተባት ስለሆነ ነው።

ወሎ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ሌላው ወጥመድ «ዲቪ ደርሶሃል፣ ይኼን ያህል ዶላር ላክ» የሚል ኢሜይል ነው። ሰው ላም ሸጦ ሊልክ ሲል የያዝነው ጊዜ አለ። ዲቪ የደረሰው ሰው ራሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ያያል እንጂ ደርሶሃል የሚል ኢሜይል አይላክለትም። የቪዛው ክፍያም የሚፈጸመው ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ነው እንጂ አስቀድሞ በሐዋላ አይላክም።

ላፕቶፓቸው ጥግ ላይ «ቫይረስ ገብቷል» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ጥልቅ ይላል ብለሻል። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም። አንድ ቀን አንድ ድረ ገጽ ሲጠይቃቸው «አላው» ብለዋል ማለት ነው። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ «ኖቲፊኬሽንስ» ግቢና የማታውቂውን ሁሉ አጥፊ። ፋይል አውርደው ከሆነ ግን ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ዲፌንደር የሚባል የቫይረስ መከላከያ አስነስተሽ ሙሉ ፍተሻ አድርጊ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን በጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ማሽኑ ከቻለ ወደ 11 አሳድጉት።

ኮምፒውተር ቤት ሲሄዱ ደግሞ «ሴቭ ፓስወርድ» ሲላቸው እምቢ ይበሉ፣ ሲጨርሱም ሎግ አውት ያድርጉ። መስኮቱን መዝጋት ብቻውን አያስወጣም። እኔ ማታ ቤት ስዘጋ የስንት ሰው ኢሜይል ተከፍቶ አግኝቻለሁ።

ዛሬ ማታ ሞክሪውና የሆነውን እዚህ ጻፊልኝ። የማስመለሻው ገጽ እምቢ ካለ የሚለውን ቃል በቃል አምጪው፣ የአባትሽን ኢሜይልና ስልክ ግን አትጻፊ።