ቁስሉን ሳይሆን ድልድሉን

ልጆቼ፣ የእንስሳት ሕክምና ልትማሩ ወይም የዱር እንስሳት ጥበቃ ውስጥ ልትገቡ ያሰባችሁ፣ «ያዋጣል ወይ?» ትሉኛላችሁ። ደመወዙን ከሆነ መልሴ አጭር ነው፤ ቤት አይሠራበትም። ሌላውን ላውራችሁ።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ቢሾፍቱ ውስጥ የጋሪ ፈረስ አክም ነበር። አንድ ባለጋሪ ጀርባው የተላጠ ፈረስ አመጣልኝ። አጠብኩት፣ ቅባት ቀባሁት፣ «አሳርፈው» ብዬ ሸኘሁ። ዳነ። ወር ሳይሞላ ያው ቁስል፣ እዚያው ቦታ ላይ! ሰውየውን ተቆጣሁት፣ ያውም ሰው ፊት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ዶክተር፣ ጀርባውን እንጂ ድልድሉን መቼ አዩት?» አለኝ። ድልድሉን፣ ከጋሪው ዕቃ ሥር ጀርባው ላይ የሚነጠፈውን፣ ገልብጬ ሳየው ውስጡ አልቆ ማዳበሪያ ከረጢቱ ብቻ ቀርቷል፣ የሲባጎው ቋጠሮ ደግሞ ቁስሉ ላይ ልክክ ይላል። አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፈን ደለደልነው፣ ቋጠሮውን ወደ ጎን አዞርነው፣ በቃ። ከኔ ቅባት በጣም ይረክሳል። ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይቀላል።

ፈረስ አይጮህላችሁም። የሚታደን እንስሳ ስለሆነ ሕመሙን ይደብቃል፣ ቆሞ ይሠቃያል። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል ማለት ይቻላል፤ ልክ ከኋላውና ከአፍንጫው ሥር ያለውን ግን አያይም፣ ስለዚህ በትከሻው በኩል እያወራችሁት ቅረቡ። ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ ቁሙ። ጎኑን እየዞረ ካየና መሬት ከጫረ ሆዱ ነው፣ እሱ ደግሞ ማስመለስ የማይችል ፍጥረት ነው፣ ነገ እናየዋለን አትበሉ። (አያቶቻችን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዛሬ ያረጀ የጋሪ ፈረስ አስፋልት ዳር ይጣላል። ይሄ ያናድደኛል።)

በኋላ ባሌ ሄድኩ፣ ቀይ ቀበሮን ልከታተል። የባሌ ሰው «ጄዳላ ፈርዳ» ይላታል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው፤ ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ተከትላ የእንግዴ ልጁን ስለምትበላ። በዓለም ላይ ያሉት 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ እዚያው ባሌ። እኔ ከከተማ የሄድኩት፣ የሚገድላቸውን አዳኝ ፍለጋ ዓይኔን አፍጥጬ ነበር። ዋናው ገዳይ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የወብ ሸለቆን ቀበሮዎች አብዛኛውን የፈጀው እሱ ነው። የሚመጣውም ከእረኛው ውሻ። ውሻው ከብት ሊጠብቅ ከጌታው ጋር ይወጣል፣ ቀበሮዋ ፍልፈል ልታድን ትወጣለች፣ ሜዳው አንድ ነው።

እንግዲህ ቀበሮዋን ከሞት የሚያተርፍ ሰው ውሎው መንደር ውስጥ ነው፣ ቤት ለቤት ውሻ ሲከትብ። ፎቶ የሚወጣው ሥራ አይደለም። ውሻውን የሚይዝላችሁ ባለቤቱ ስለሆነ አጎንብሳችሁ ሰላም በሉ፣ የተሰጣችሁን ወተት ጠጡ፣ ስለ ከብቱ ጠይቁ። ኦሮምኛ ካልቻላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጀምሩ፣ እኔ ዘግይቼ ጀምሬ ስንት ነገር አምልጦኛል።

ድንሾ፣ የባሌ ተራሮች ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ከተማ፣ ለልምምድ የተመደባችሁ ካላችሁ ወፍራም ጋቢ ያዙ፣ ሌሊቱ አይቻልም። ወደ ሳነቲ አምባ በፈረስ ስትወጡም፣ ከመቀመጣችሁ በፊት እጃችሁን ኮርቻው ሥር አስገብታችሁ ዳብሱ።