መልስ፦ ካታሊስት (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጽጃ) ቤንዚን ላይ ከሰራ ናፍጣ ላይ ለምን አይበቃም?
ወንድሜ አሪፍ ጥያቄ ነው፣ ነገሩ ያለው አየሩ ላይ ነው። ቤንዚን ሞተር 1 ኪሎ ቤንዚን በ14.7 ኪሎ አየር አካባቢ ነው የሚያቃጥለው፣ ጭሱ ላይ ትርፍ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ካታሊስቱ ኦክስጅኑን ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ነጥቆ ለካርቦን ሞኖክሳይዱ ይሰጠዋል (ሁለቱም የጭሱ ጎጂ ጋዞች ናቸው)፣ አለቀ። ናፍጣ ግን ሁሌ በትርፍ አየር ነው የሚሰራው፣ ኦክስጅን ሞልቶ እያለ ካታሊስቱ ምን በወጣው ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ይታገላል?

ዋናው ጣጣ ደሞ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ናፍጣው ሲረጭ መሀሉ ላይ ነዳጁ በዝቶ አየሩ ያንሳል እዛ ጥላሸት ይፈጠራል፣ ዳር ዳሩን ደግሞ እሳቱ በጣም ይግላል፣ ከ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይዋሃዳሉ። ላቀዝቅዘው ብለህ ከጭሱ ቀንሰህ መልሰህ ብታስገባ (ኢጂአር የሚባለው እሱ ነው) ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ይወርዳል፣ ግን ጥላሸቱን የሚያቃጥለው ኦክስጅን አብሮ ስለሚያንስ ጭሱ ይጠቁራል። አንዱን ስትጫን ሌላው ብቅ። ለዛ ነው የጥላሸት ፊልተርና አድብሉ (ጭሱ ላይ ተረጭቶ ናይትሮጅን ኦክሳይዱን የሚቀንስ ፈሳሽ፣ 32.5 ፐርሰንት ዩሪያ፣ ሌላው ውሃ) የተጨመሩት።

እና በላቦራቶሪ የወጣ ቁጥር ብቻ አትመን። የአሜሪካው ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች መለኪያውን መኪናው ላይ ጭነው መንገድ ላይ ለክተው በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት አንዱ የቮልስዋገን ናፍጣ መኪና ከገደቡ ከ15 እስከ 35 እጥፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሲለቅ ተገኘ፣ የ2015ቱ የቮልስዋገን ቅሌት (ምርመራ ላይ ሲሆን ብቻ ጭሱን የሚያጸዳ ሶፍትዌር መኪናው ላይ መጫኑ) የወጣው ከዛ ነው።