ስታቲክስ የሚበላሸው ስዕሉ ላይ ነው

«ስታቲክስ ጀምሬያለሁ፤ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ሲሠራው ይገባኛል፣ ብቻዬን ስቀመጥ ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል፤ ፊዚክስም ብዙ አልችልም» ላልሽው እህቴ። እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ትንሽ ላስረዝመው ነው፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የፊዚክሱን ጭንቀት ተይው። ኮርሱ የቆመው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ዕቃው አይንቀሳቀስም። ካልተንቀሳቀሰ ወደ ጎን ያሉት ፎርሶች ድምር ዜሮ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያሉትም ዜሮ፣ በየትኛውም ነጥብ ዙሪያ ሞመንቱም (ፎርስ ዕቃውን ለማዞር ያለው አቅም፣ ፎርሱ ከነጥቡ ባለው ርቀት ሲባዛ) ዜሮ። በቃ። በ2 ዳይሜንሽን ያሉሽ ኢኩዌሽኖች 3 ናቸው፣ በ3 ዳይሜንሽን 6። ክሮስ ፕሮዳክት (በ3 ዳይሜንሽን ሞመንት የሚሰላበትን የቬክተር ብዜት) ከረሳሽ እሱን ብቻ ከአሁኑ ከልሺው።

ታዲያ የሚያስቸግረው ምኑ ነው? ፍሪ ቦዲ ዳያግራሙ፣ ዕቃው ብቻውን ሆኖ ያረፉበት ፎርሶች ሁሉ በቀስት የሚታዩበት ስዕል። እኔ የመጀመሪያውን ወር ለአመል ያህል ጫር ጫር አድርጌ ወደ ካልኩሌተር ነበር የምሮጠው፣ ያውም ጥያቄው ላይ ታትሞ በመጣው ስዕል ላይ ቀስት እየደረብኩ። እንደሱ አታድርጊ። ዕቃውን ከነካው ነገር ሁሉ ለይተሽ ባዶ ወረቀት ላይ ብቻውን አውጪው። ከዛ በለየሽበት ቦታ ሁሉ «እዚህ የነበረው ነገር ምን ይከለክለው ነበር?» በይ። ሮለር (የሚንከባለል ሳፖርት) የሚከለክለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ 1 ሪአክሽን (ሳፖርቱ የሚመልሰው ግፊት) አለው። ፒን 2። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቢም (አግዳሚ) መዞርም ስለማይችል ሞመንት ተጨምሮ 3። የሳፖርቶቹን ሠንጠረዥ ከምትሸመድጂ ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ አድርገሽ በአንድ ጣት ጫን በዪውና በሌላው እጅሽ ግፊው። ይዞራል፣ ከጣትሽ ስር ግን አይሸሽም። ፒን ማለት እሱ ነው።

አሁን ሚድ ፈተና ላይ የሠራሁትን ጉድ ልንገርሽ። 5 ሜትር መሰላል ልሙጥ፣ ማለትም ፍሪክሽን (ፍትጊያ) የሌለው ግድግዳ ተደግፏል፣ እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ይርቃል፣ ጫፉ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ክብደቱ 200 ኒውተን፣ የወለሉ የፍሪክሽን ኮፊሸንት (ፍሪክሽኑ ቢበዛ የወለሉን ወደ ላይ ግፊት ስንት እጅ እንደሚሆን) 0.5። ፍሪክሽኑ ስንት ነው? እኔ ሆዬ 0.5 በ200፣ 100 ኒውተን! ደስ ብሎኝ ወደ ቀጣዩ አለፍኩ። እግሩ ላይ ሞመንት ብወስድ ኖሮ ክብደቱ መሃል ላይ ስለሚያርፍ 200 በ1.5 ሲባዛ 300፣ እሱ ለ4 ሲካፈል ግድግዳው የሚገፋው 75 ኒውተን ሆኖ ይመጣ ነበር፤ ወደ ጎን ያሉት ፎርሶች ደግሞ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ፍሪክሽኑም 75 ነው። 100 ወለሉ ሊሰጥ የሚችለው ጣሪያው ነው እንጂ እየሰጠ ያለው አይደለም። በእኔ መልስ ቆሟል የተባለው መሰላል በ25 ኒውተን ወደ ግድግዳው እየተገፋ ነበር። አንዴ ደምሬ ባየው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሞመንቱን ለምን እግሩ ላይ? ሁለቱ የማናውቃቸው ፎርሶች፣ የወለሉ ወደ ላይ ግፊትና ፍሪክሽኑ፣ እዛ ስለሚያልፉ ከኢኩዌሽኑ ይወጣሉ። ሁሌም ብዙ ያልታወቀ ነገር የሚያልፍበትን ነጥብ ምረጪ።

ትረስ (ጫፍ ለጫፍ ከተያያዙ ዘንጎች የተሠራ መዋቅር) እንደሚወራው አይከብድም፣ አሰልቺ ነው እንጂ። ሁለት ዘንግ ብቻ የሚገናኙበት፣ በአንድ መስመር ያልተዘረጉ፣ ጭነትም ሳፖርትም የሌለበት ጆይንት (መገናኛ) ካየሽ ሁለቱም ዜሮ ናቸውና ቀድመሽ ሰርዢያቸው። መሃል ያለ የአንድ ዘንግ ፎርስ ብቻ ከተጠየቅሽ ደግሞ ጆይንት በጆይንት አትዙሪ፣ በሰክሽን ቁረጪው፣ ማለትም ትረሱን በዛ ዘንግ በኩል ለሁለት ከፍለሽ አንዱን ክፍል ብቻ ውሰጂ።

«ሲሠራ ይገባኛል» ላልሽው፣ እኔን የጎዳኝ የተሠራ መልስ ይዞ ማጥናት ነበር። እያየሽው ሁሉም ግልጽ ነው፣ ምክንያቱም ከባዱን ውሳኔ፣ ምን ተቆርጦ ምን እንደሚሳል፣ ሌላ ሰው ወስኖልሻል። ከዛ ሚድ በኋላ አንድ ማታ 10 ጥያቄ ወሰድኩና ምንም ሒሳብ ሳልሠራ ስዕል ብቻ ሳልኩ። ከመልሱ ጋር ሳመሳክረው 6ቱ ስህተት። አብዛኛው ፍሬም (በፒን የተያያዙ ዘንጎች ያሉት መዋቅር) ላይ ነበር፤ ሁለት ዘንግ የሚያያይዘው ፒን የሚገፋበትን ፎርስ አንዱ ላይ ወደ ቀኝ ስዬ ሌላውም ላይ ወደ ቀኝ፣ ተቃራኒ መሆን ሲገባው። ከዛ በኋላ በየሳምንቱ እንደዛ ማድረግ ጀመርኩ፣ ፋይናል ላይ ልዩነቱ ታየ።

ያቃተሽ ጥያቄ ካለ እዚሁ ላኪው። መልስሽን ሳይሆን ስዕልሽን።