ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ለአባቴ የፊንጢጣ ካንሰር የጂን ምርመራ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከሐይቅ ነው። አባቴ 54 ዓመታቸው ነው። ከሰገራቸው ጋር ደም ሲወጣ ለወራት "ኪንታሮት ነው" እየተባለ ቆየ፤ በኋላ ደሴ በተወሰደው ናሙና የፊንጢጣ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ሲቲ ስካኑ ጉበትና ሳንባ ላይ ምንም አላሳየም። አዲስ አበባ ጨረርና ኬሞ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና ተብለዋል። ውጭ ያለ ዘመዳችን ግን "የጂን ምርመራ ሳይሠራ እንዳይጀምሩ፣ የሚሠራላቸው መድኃኒት ቀድሞ ይታወቃል" ይለናል። እውነት ነው? ታናሽ እህታቸው በ46 ዓመቷ በማህፀን ካንሰር ነው ያረፈችው።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ዘመድዎ በአንዱ ልክ ነው፣ በሌላው አይደለም። ጨረርና ኬሞው ዕጢውን ምን ያህል እንደሚያጠፋው ቀድሞ የሚናገር፣ ሐኪም ተማምኖ የሚወስንበት የጂን ምርመራ እስካሁን የለም። ይህን ሕክምና ከወሰዱ 100 ሰዎች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ዕጢው ፈጽሞ ይጠፋል፤ እነማን እንደሚሆኑ ግን አስቀድሞ አይለይም። ለዚህ ተብሎ ገንዘብ አይውጣ።

አንድ ምርመራ ግን ሳይሠራ ሕክምናው ባይጀመር እመርጣለሁ። ኤምኤምአር ይባላል። ሕዋስ ሲባዛ በዘረመሉ ቅጂ ላይ የሚገባውን ስሕተት የሚያርሙ ኤምኤልኤች1፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6 እና ፒኤምኤስ2 የተባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) አራቱንም በልዩ ማቅለሚያ ያያል። የሚጎድልባቸው የፊንጢጣ ካንሰር ታማሚዎች ከ100 ከ10 አይበልጡም። ለእነዚህ ጥቂቶች ግን ውጤቱ የሕክምናውን መንገድ ይለውጣል። በ2022 ኒው ዮርክ ውስጥ የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲያጠቃ የሚያግዘው ዶስታርሊማብ የተባለ መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ ለስድስት ወር የተሰጣቸው 12 እንዲህ ያሉ ታማሚዎች በሙሉ ዕጢያቸው ጠፍቶ ያለ ጨረርና ያለ ቀዶ ጥገና ቀርተዋል። መድኃኒቱ እጅግ ውድ ነው። ባይገኝ እንኳ ውጤቱን ማወቁ ይጠቅማል፦ እንዲህ ያለው ዕጢ ኬሞ ብቻ ሲጀመርለት እያደገ የሚሄድበት ጊዜ አለ፣ ለጨረር ግን ደህና ይመልሳል።

ምርመራው መሠራት ያለበት ከሕክምና በፊት በተወሰደው ናሙና ላይ ነው፤ ከጨረርና ኬሞ በኋላ ኤምኤስኤች6 ሳይጎድል የጎደለ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ደሴ የውጤቱን ወረቀት ብቻ ይዘው አይውጡ፤ በሰም የተቀበረውን ናሙና፣ ብሎኩን፣ ይጠይቁ። የአባትዎን ስምና የናሙናውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ። ከሚሴንና ሸዋ ሮቢትን ሲያልፉ ሙቀቱ ብርቱ ነውና ብሎኩ በመኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፣ ሰሙ ይለሰልሳል። አዲስ ናሙና የሚወሰድ ከሆነ ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ በውስጡ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው መቆየት ያለበት። አልኮል ውስጥ የገባ ወይም ለሳምንት ፎርማሊን ውስጥ የተረሳ ናሙና ማቅለሚያውን በትክክል ላይቀበል ይችላል። ውጤቱ "ጎድሏል" ካለ ከዕጢው አጠገብ ያለው ጤነኛ ሕዋስ ቀለሙን መያዙን ያስጠይቁ፤ እሱም ካልያዘ ያልሠራው ማቅለሚያው ነው፣ ምርመራው ይደገም።

ኬራስ የሚባለው የጂን ምርመራ ካንሰሩ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ሲዛመት ሴቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ይሰጥ አይሰጥ ለመወሰን ነው፤ አሁን አይቸኩሉበት።

ዲፒዋይዲ ስለተባለው ጂን ግን ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ከጨረሩ ጋር የሚሰጠውን የካፔሲታቢን ክኒን ሰውነት የሚያስወግድበትን ኢንዛይም የሚሠራ ጂን ነው፤ ከተዳከመ የተለመደው መጠን መርዝ ይሆናል። ምርመራው ባይገኝ እንኳ እናንተ ቤት ሆናችሁ ልታዩት የምትችሉት ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመዋጥ የሚከለክል የአፍ ቁስል፣ ከወትሮው በቀን አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የጨመረ ተቅማጥ ወይም 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ካዩ ክኒኑን አቁማችሁ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ውሰዷቸው። ብዙ ሰው "ኬሞ እንዲህ ነው" ብሎ ይታገሣል፣ ጉዳቱ የሚበረታው በዚህ ጊዜ ነው።

የአክስትዎ ነገር አሳስቦኛል። የማህፀን ጫፍ ካንሰር ከነበረ ከዚህ ጋር አይያያዝም፤ የማህፀን ግድግዳ ከነበረ ግን ሊንች የተባለ በዘር የሚተላለፍ የእነዚያ አራሚ ፕሮቲኖች ችግር ሊሆን ይችላልና የሕክምና ወረቀቷን ፈልጉ። ሊንች መሆኑ ከተረጋገጠ እያንዳንዱ የአባትዎ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፤ የወረሰ ልጅ ከ20 እስከ 25 ዓመቱ ጀምሮ በየ1 ወይም 2 ዓመቱ ትልቁ አንጀቱ በካሜራ (ኮሎኖስኮፒ) ይታያል። እርስዎም ጭምር።

ብሎኩን ዛሬ ነገ ሳይሉ ይላኩ፤ የጨረር ቀጠሯቸውን ግን አይልቀቁ።