ሱሊቫን ከየት መንደር ነው? የአይሪሽ ዘር ፍለጋ ጥያቄና መልስ

የአየርላንድ ዘር ስለመቁጠር የቸገራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው በዛ። የቻልኩትን ያህል እነሆ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆች ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ ነው። የባለቤቴ ቅድመ አያት ሱሊቫን ነው የሚባሉት። በስሙ ብቻ አገራቸውን ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ አውራጃውን መገመት ይቻላል፤ ቤቱን ግን አታገኚውም። ሱሊቫን በብዛት ያለው ኮርክና ኬሪ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሱሊቫን እንደ አሸዋ ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ የታውንላንዱ ስም ነው። ታውንላንድ ትንሿ የመሬት ክፍል ናት፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ቤቶች ያሉባት። በደሴቲቱ ላይ ከ60 ሺህ በላይ አሉ። ስሟን መጀመሪያ እዚያው አሜሪካ ፈልጊ፦ የመቃብር ድንጋይ፣ የጋብቻ መዝገብ፣ ሳጥን ውስጥ የተረሳ ደብዳቤ።

ጥያቄ፦ «ኦ» እና «ማክ» ምንድን ናቸው?

መልስ፦ ማክ «ልጅ» ነው፤ የእኛን «ወልደ» አስቡ። ኦ «የልጅ ልጅ» ነው፣ ሰፋ ሲል ዘር። ብዙዎች በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ኦን ጥለው በኋላ መልሰውታል። ስለዚህ ኮነርንም ኦኮነርንም ፈልጉ። ጭራሽ የተተረጎመም አለ፦ ማክጋዋን «የቀጥቃጭ ልጅ» ማለት ነው፣ ካቫን አውራጃ ውስጥ ብዙው ስሚዝ ሆኖ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ ስማችን የተቀየረው ኤሊስ ደሴት፣ ኒውዮርክ ወደብ ያለው የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ ላይ ነው ይባላል።

መልስ፦ ተረት ነው። መርማሪዎቹ የሚያዩት ከመርከቡ ጋር የመጣውን የስም ዝርዝር ነበር። ደግሞ ጣቢያው የተከፈተው በ1892 ነው፤ ከ1845ቱ ረሃብ የሸሹት ያኔ አርጅተዋል።

ጥያቄ፦ የመንደሩ ስም «ኪል» ብሎ ይጀምራል።

መልስ፦ ቤተ ክርስቲያንም ጫካም ሊሆን ይችላል። በአይሪሽ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ተቀላቀሉ። ሎጋይንም የሚባለው የቦታ ስሞች ዳታቤዝ ላይ የአይሪሹን አጻጻፍ እዩ፣ ነጻ ነው።

ጥያቄ፦ መዝገቡ ሁሉ ተቃጥሏል አሉኝ። ልተወው?

መልስ፦ ኧረ አትተወው! በሰኔ 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ ደብሊን ውስጥ መዝገብ ቤቱ የነበረበት ፎር ኮርትስ የተባለው የፍርድ ቤት ግቢ ሲነድ የድሮ የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኛው አለቀ፤ እውነት ነው። የ1901 እና የ1911 ቆጠራ ግን በነጻ ይገኛል። ለቀደመው ዘመን የግሪፊት መዝገብ አለ፦ ከ1847 እስከ 1864 ማን የትኛውን መሬት እንደያዘ በየታውንላንዱ የተጻፈበት። እኔ የምወደው ቅንፉን ነው። አንድ ታውንላንድ ውስጥ ሁለት ጆን መርፊ ካሉ፣ ለመለየት «ጆን መርፊ (ጄምስ)» ተብሎ ይጻፋል። ጄምስ ብዙውን ጊዜ አባቱ ነው። ልክ እንደኛ! በዚያች ቅንፍ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሄድክ ማለት ነው። አንዳንዴ ግን የተጻፈው ሥራው ወይም የጸጉሩ ቀለም ነው፤ አትቸኩል።

ጥያቄ፦ የጥምቀት መዝገብ አገኘሁ፣ ግን ላቲን ነው።

መልስ፦ አትደንግጪ። ጃኮቡስ ጄምስ ነው፣ ጉሊየልሙስ ዊሊያም። የእናትየውን የአባቷን ቤት ስም ያዢ። የክርስትና አባትና እናቱንም አትዝለያቸው፤ ብዙ ጊዜ አጎትና አክስት ሆነው ይገኛሉ።